ዝቅ ያለችው ፒክአፕ

ትናንት ቡርቃ ጃቶ ሰፈር በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ የግራሶ ሽታ አባቴና ታናሽ ወንድሙ የተጣሉበትን ቀን አስታወሰኝ።

ከአያቴ የቀረችው አሮጌ ፒክአፕ የሁለቱም ነበረች። አባቴ ከሲሬ በቆሎ ይጭንባታል። አጎቴ ግን ሰርጉ ሲቃረብ፣ ሳያማክረው፣ ጭነት የሚሸከመውን የኋላ ባሌስትራ ግማሹን አስነቅሎ ዝቅ አደረጋት፤ ቀይ ቀለምም አስቀባት። አምራ ሳያት ደስ ብሎኝ ገብቼ ተቀመጥኩ።

አባቴ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ።

«ከእንግዲህ ጭነት አትችልም» አለ።

«እኔ የምጭነው ሙሽራዬን ነው» አለ አጎቴ። «አንተ በቆሎህን በአህያ አምጣ።»

«ዝቅ ያደረግኸው መኪናዋን አይደለም፤ እኔን ነው።»

የአባቴ ቁመት እንደድሮው ስለነበር ነገሩ አልገባኝም። ክንዴን ጎትቶ አወረደኝ። «ሁለተኛ እዚህ ውስጥ እንዳላይሽ» አለኝ። ሰርጉም ላይ አልተገኘንም።

አባቴ ሲሞት አጎቴ አስከሬኑን ሊጭን ያችኑ ፒክአፕ በራችን ላይ አቆመ። እናቴ «በሰው ትከሻ ይሄዳል» ብላ መለሰችው።

ትናንት ከጋራዡ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «አካም ጅርታ፣ የወንድሜ ልጅ» አለኝ። አጎቴ ነበር። ሰላምታውን ሰምቻለሁ፤ እግሬን ግን አላዘገየሁም።