ለእትዬ በላይነሽ የጻፍኩት የምስጋና ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ማርታ የተጣጠፈ ወረቀት ይዛ ዲላ ያለው ቢሮዬ ድረስ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ብልጫ ያመጡ ተማሪዎች ተመርጠው ተጨማሪ ትምህርት የሚያገኙበት ልዩ ፕሮግራም ውስጥ ገብታለች። የመጽሐፉንም የኪስ ገንዘቡንም የሚችሉት አንዲት በጎ አድራጊ ስለሆኑ፣ ተማሪዎቹ በየዓመቱ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፉላቸዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ አማርኛ ይችላሉ። ትንሽ እንዲያሳዝን አድርገው ያስተካክሉልኝ» አለችኝ።

ወረቀቱን ተቀበልኳትና ሳልገልጠው ብዙ ቆየሁ። ልጅቷ ሥራ የበዛብኝ መስሏት «ሌላ ጊዜ ልምጣ?» ስትል ሰማኋት።

እኔም በወጣትነቴ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ነበርኩ። ያኔ ስምንት ነበርን። ያቋቋሙት እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ ባለቤታቸው ይርጋጨፌ ላይ ቡና ማጠቢያ የነበራቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ሲሞቱባቸው፣ ልጅም ስላልነበራቸው፣ ገንዘቡን ለሰው ልጅ ላውለው አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። አዲስ መጽሐፍ ማሽተት የጀመርኩት በሳቸው ነው። ረፋድ ላይ ሻይና ዳቦ ነበረን፤ ከወናጎ ጫካ ቆጮና ጎመን በልቶ ለመጣ ልጅ ያ ዳቦ ቀላል ነገር አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ስምንታችንም እንደማንቀጥል ወሬ ተሰማ። አምስት ብቻ ይቀጥላሉ ተባለ። ማን እንዳወራው ዛሬም አላውቅም፤ ውሸት መሆኑ ግን ኋላ ታውቋል። አባቱ የሞተበት አንድ ጓደኛችን ነበር፤ የሱ ደብዳቤ እትዬ በላይነሽን አስለቅሷቸዋል ይባላል። እኔ ምን ነበረኝ? ከጠዋት እስከ ማታ እንሰትና ቡናው ውስጥ የሚውል፣ ጤነኛ አባት። ይህ ማንን ያስለቅሳል? ቤተ መጻሕፍት ጥግ ቁጭ ብዬ «አባቴ በዚህ ክረምት ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» ብዬ ጻፍኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙም ወረቀቱም ነበርኩ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። እትዬ በላይነሽ ለቅሶ የማያመልጣቸው ሴት ናቸው። ያወቁት ሰው ዘመድ ሞቶበት እንደሆነ፣ ዓመት ቢያልፈውም እንኳ ሳይደርሱ አያድሩም።

ኅዳር ነበር፤ ቡናው ቀልቶ ቅርንጫፉን ያጎነበሰበት ሰሞን። ቅዳሜ ለለቀማ ቤት ሄጄ፣ እናቴ ወናጎ ገበያ ወርዳ፣ እኔ ደጅ ላይ የለቀምኩትን ሳሰጣ፣ ከታች ከመንገዱ በኩል ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች ሽቅብ ሲመጡ አየሁ። አንደኛዋ እትዬ በላይነሽ ነበሩ። ሌላዋ ስኳርና ዳቦ የያዘ ፌስታል ተሸክመዋል። መኪናው እስከማይገባበት መጥተው የቀረውን በእግራቸው ነው የወጡት፤ ጫማቸው በቀይ አፈር ተለውሷል።

«ልጄን! ሳልሰማ ቀርቼ ነው እንጂ! አባትህን ሳላውቃቸው!» ብለው አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። እንባቸው ሸሚዜን ሲያርሰው ይሰማኛል። እኔ እንደ ግንድ ቆምኩ።

አባቴ ያን ጊዜ ቅርጫቱን አንግቶ ከቡናው ውስጥ ወጣ። እጁ በቡና ፍሬው ጭማቂ ተጣብቋል። ሁሉንም ሰምቷል። አንዴ እኔን አየኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ ግን ቁጣ አላየሁም፤ ያየሁት ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ቶሎ ቶሎ ማሰብ ነው። ቅርጫቱን አወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀና አንገቱን ደፋ።

«እርስዎ ማን ነዎት አባቴ?» አሉት።

«እኔ ወንድሙ ነው» አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «የሟች ታላቅ ወንድም። ግቡ፣ ቁጭ በሉ።»

ገባን። በርጩማ አቀረበላቸው። እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ። እትዬ በላይነሽ እንባቸውን እየጠረጉ «ምን አገኛቸው? ታመው ነው?» ብለው ጠየቁት።

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «ልጁ ነው ያስታመመ። እሱ ያውቃል።»

እናም አባቴ እንዴት እንደሞተ፣ አባቴ ፊት ቁጭ ብዬ ተናገርኩ። ጉበት ነው አልኩ። ሦስት ሳምንት ተኛ አልኩ። እሱ እያንዳንዱን ቃል ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ሲወጡ «ለወንድምዎ እግዚአብሔር ነፍስ ይማር» ብለው እጁን ያዙት፤ እሱም «አሜን» አለ።

ሴቶቹ ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ ቆመን ሸኘናቸው። እግሩ ላይ ልወድቅ አሰብኩ፤ አፈርኩ። እሱ ባርኔጣውን አጠለቀና በጌዴኦኛ «ከትምህርቱ አያስወጡህም አይደል?» አለኝ። አያስወጡኝም አልኩት። «በል ና፣ ፍሬው እየረገፈ ነው» ብሎ ወደ ቡናው ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሳም። ምርቃቴ ላይም አልመጣም፤ እትዬ በላይነሽ እንደሚኖሩ ያውቃል።

ስንት ጊዜ እውነቱን ልነግራቸው ቤታቸው ደጅ ድረስ ሄጃለሁ። ዛሬ እያልኩ ነገ እያልኩ ዓመታት አለፉ፤ ውሸቱም ከእኔ ጋር አብሮ አረጀ።

አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት በእውነት ሞተ። ጉበት አልነበረም፤ ልቡ ነው። ለቢሮ ሰው ሳልነግር፣ እድሩን ሳልጠራ፣ ወናጎ ወርጄ ቀበርኩት። ዲላ ስመለስ ሐዘኔ እንዳይታወቅ ጢሜን በየጠዋቱ ተላጨሁ። አንድ ቀን እትዬ በላይነሽ ገበያ መግቢያ ላይ አገኙኝ። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ፊቴን ትክ ብለው አዩና «ምነው ልጄ ከሳህ? ምን ሆንክ?» አሉኝ።

«ጉንፋን ነው» አልኳቸው።

ከማንም ለቅሶ የማይቀሩት ሴት ከአባቴ ለቅሶ በእኔ ምክንያት ቀሩ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ማርታ አሁንም ቆማ ነበር። ደብዳቤውን ገለጥኩት። ሁለት የፊደል ስህተት አርሜ መለስኩላት።

«አላሳዘኑትም እኮ ጋሼ!» አለች ቅር ብሏት።

«አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ለቀማ ላይ ናቸው።»

«እሱን ጻፊላቸው።»

«ይሄ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?» ብላ ሳቀች፤ ወረቀቷን አጣጥፋ ወጣች። አልፈረድኩባትም። በሕይወት ያለ አባት ራሱ የሚጻፍ ነገር እንደሆነ እኔም በእሷ ዕድሜ አላወቅሁም ነበር።