ራዲያተር ውስጥ የገባው የፋሲካ እንቁላል

ቡራዩ፣ ቶሌራ ጋራዥ ደጃፍ ተቀምጬ የአሮጌ መኪናዬን ራዲያተር እስኪሠራልኝ ስጠብቅ፣ እኅቴ አስካለ ከጎኔ የእንቁላል ሳንዱቿን ፈታች። ቶሌራ ራዲያተሩን አውልቆ ውኃ በተሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ ነክሮታል፤ አየር እየነፋበት አረፋው ከየት እንደሚወጣ ያያል። የጋለው ብረትና የእንቁላሉ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን ሲመቱት፣ ሳላስበው ሱሉልታ ገባሁ፤ ያውም በሁዳዴ፣ ያውም ልጅ ሆኜ።

ያኔ በሰፈራችን መኪና የነበራቸው ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ብቻ ነበሩ። ጣልያን ሠራሽ፣ አንድ በሯ በገመድ የሚታሰር ትንሽ የጭነት መኪና ነበረቻቸው። በፍስክ ወተት ወደ አዲስ አበባ ታመላልሳለች፤ ጾም ሲገባ ወተት የሚገዛ ስለማይኖር ድርቆሽ ትጭናለች። እኛ ልጆች ግን ወተትም ጫነች ድርቆሽ፣ ሥራችን ከኋላዋ መሮጥ ነው።

አስካለ ገና ጡት የጣለች ሕፃን ነበረች። አንድ ጠዋት ደረቷ ሲር ሲር እያለ ትንፋሽ አጠራት፣ ከንፈሯም ጠቆረ። እናቴ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ኦቦ ገመዳ ቤት ሮጠች፤ እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁ መኪናዋን አስነሡ። እናቴ አስካለን ታቅፋ ከፊት፣ እኔ ቤት ብቻዬን እንዳልቀር ከኋላ ድርቆሹ ላይ ሆነን አዲስ አበባ ወዳለው ሆስፒታል ወጣን።

የእንጦጦን ዳገት ስናጋምስ መኪናዋ እንፋሎቷን ለቀቀችና ቆመች። ኦቦ ገመዳ ኮፈኑን ከፈቱ። ራዲያተሩ ተሰንጥቆ ውኃው እንደ ክር ይወርዳል። ሌላ መኪና ቢጠበቅ ቢጠበቅ የሚመጣ አልነበረም። የዚያን ጊዜውን የእናቴን ፊት ባላየሁት ኖሮ እላለሁ፣ እስከ ዛሬ።

ከመንገዱ በላይ ካሉት ጎጆዎች፣ ኦቦ ገመዳን በወተት ምልልሳቸው የሚያውቋቸው ሴቶች ውኃ ተሸክመው ወረዱ። እሳቸው ግን ቢሞሉትም ተመልሶ እንደሚፈስ ነገሯቸውና ትንሽ እንደማፈር ብለው፣ "እንቁላል ካላችሁ አምጡልኝ፤ ነጩ ሲበስል ስንጥቁን ይይዘዋል" አሉ። እንቁላልማ ሞልቷል፤ በጾሙ የሚበላው ስለሌለ በየቤቱ ገብስ ውስጥ ተቀብሮ ፋሲካን ይጠብቃል። ሽበታም የሆኑ አንዲት እናት ግን ኮስተር ብለው፣ "መኪናዎ አትጾምም እንዴ ኦቦ ገመዳ?" አሏቸው።

"እሷ ጣልያን ናት እመይቴ፣ የኛን ጾም አታውቅም።"

"ጣልያን ከሆነችማ ትብላ" ብለው ከሁሉ ቀድመው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እንቁላሉ በነጠላ ጫፍ እየተቋጠረ መጣ። ሞተሩ እስኪበርድ ሴቶቹ አስካለን እየተቀባበሉ ቀና አድርገው ያዟት፤ ኦቦ ገመዳም ነጩን ለይተው ከውኃ ጋር ራዲያተሩ ውስጥ አፈሰሱ። ከመሃላችን የማይጾመው አንድ ውሻ ብቻ ነበርና አስኳሉን እሱ ጨረሰው። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ፤ ክሩ ወደ ጠብታ ቀነሰ፣ ጠብታውም ቆመ።

ቀሪውን መንገድ ከኮፈኑ ሥር የተቀቀለ እንቁላል ሽታ እየወጣ፣ እናቴ እያማተበች፣ እኔ ምራቄን እየዋጥኩ ሄድን። ኦቦ ገመዳ በየጥምዝምዙ አንገታቸውን በመስኮት ያወጡና በኦሮምኛ "ጋሪዳ" ይሉና በአማርኛ "ደህና ናት" ብለው ይደግሙልኛል፤ መኪናዋን ይሁን እኅቴን አልጠየቅኳቸውም። ወደ ማታ ሆስፒታል ውስጥ አስካለ በሙሉ ድምፅ አለቀሰች። በልጅ ልቅሶ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ራዲያተሩን በኋላ ያጸዳው ሰውዬ ደግሞ፣ "ይሄ ራዲያተር ነው ምግብ ቤት?" ብሎ ኦቦ ገመዳን ሲያበሽቅ ከረመ።

ፋሲካ ሲያልፍ እናቴ እንቁላል በቅርጫት ይዛ ዳገቱ ላይ ወዳሉት ሴቶች ሄደች። አንዳቸውም አልተቀበሏትም። "ልጅቷን አምጪና አሳዪን" አሏት፤ እሷም አስካለን አዝላ በየደጁ ዞረች።

ቶሌራ ስንጥቁን በቀለጠ እርሳስ ደፍኖ፣ ራዲያተሩን መልሶ ገጠመና ውኃ ሞላበት። ሞተሩን አስነሥቶ ሥሩ ካርቶን አነጠፈ። ትንሽ ጠበቅን።

"አባባ፣ ይዩት። ጠብ አላለም።"

ጎንበስ ብዬ ካርቶኑን ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ደረቴን ቀለል አለኝ። ኦቦ ገመዳ የሉም፣ እናቴም የለችም። ጎጆዎቹ በነበሩበት ረጃጅም አጥር ቆሟል፤ ዛሬ እዚያ ዳገት ላይ ብቆም ሜካኒክ በስልክ እጠራለሁ እንጂ የማንኳኳው በር አላውቅም። ያን ቀን ካዩት ሰዎች የቀረሁት እኔ ነኝ፤ አስካለ እንደሆነ የነገሯትን እንጂ የምታስታውሰው የላትም።

"ጋሼ፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ እንጂ" ብላ የሳንዱቹን ግማሽ ዘረጋችልኝ፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ። ተቀበልኳት። እንደ ልማዴ ትንፋሿን አዳመጥኩ፤ ደህና ነው።