ከጥቅሉ የተነጠለው አቋም

የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ፊት ለፊቷ «ሥራ አስኪያጅ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን «እትዬ አንቀጽ» ናት። ስሙን ያወጣላት የጥበቃው ሰው ነው። አንድ ዝናባማ ቀን ዣንጥላውን ዘርግቶ ኮሪደሩ ላይ ቢያሰጣ፣ ይህን የሚከለክለውን አንቀጽ ከነንዑስ አንቀጹ ቆማ ነገረችው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ዣንጥላ መያዝ ትቶ በዝናብ መምጣት ጀመረ። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። እሷ ደንብ ስለምትወድ ሰው ሁሉ የሚወድ ይመስላታል።

ይህቺን ሴት ዘወትር የሚያብሰለስላት አንድ ነገር ነበር፤ መንገድ። ከተማዋን መሀል ለመሀል የሚሰነጥቅ ትልቅ የመኪና መንገድ አለ። በከተማዋ ይለፍ እንጂ የከተማዋ አይደለም፤ የአገሪቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ዜብራ ልቀባ፣ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ላሠራ ካለ መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ይጠይቃል። መልስ አይመጣም። እምቢ ቢሉ እንኳ ይግባኝ ይባል ነበር፤ ዝም ያለን መሥሪያ ቤት ግን ምን ያደርጉታል? የጭነት መኪናው ሁሉ ጡሩንባውን እየነፋ ያልፋል። የእናቷ ቤት ከመንገዱ በዚህ ወገን ነው፤ እናትየው ደም ግፊታቸውን የሚለኩበት ክሊኒክ በዚያ ወገን። ዳሌያቸውን ከታመሙ ወዲህ ለመሻገር የሚወስድባቸውን ጊዜ ያየ ሰው ልቡ ድንግጥ ይላል።

ሕጉን መቀየር የሚችሉት ሕግ አውጪዎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የአንዲት ትንሽ ከተማን እሮሮ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። የከተሞች ማኅበር የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ከተሞች በየዓመቱ «ይህ ሕግ ይሻሻልልን» የሚሉትን ሐሳብ ይልካሉ፤ ሐሳቡ በኮሚቴ ይበጠራል፤ ከኮሚቴ ያለፈው ለጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ ከጸደቀ የከተሞች ሁሉ የጋራ አቋም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ በሁሉም ስም ደጅ ይጠናል። እትዬ አንቀጽ ከመንገድ ኮሚቴው ነባሮች አንዷ ናት። «በከተማ ክልል በሚያልፉ ዋና መንገዶች ላይ ሙሉ ሥልጣን ለከተሞች ይሰጥ» የሚል፣ በንዑስ አንቀጾች የታጀበ ሐሳቧን ስንት ጊዜ አቅርባለች፤ ስንት ጊዜም ውሃ በልቶታል። የትልቁ ከተማ ተወካይ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚናገር ቀጭን ሰው፣ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነበር፤ «ሥልጣኑን ከወሰድን ጥገናውንም ያሸክሙናል።» ጥገና የሚባል ነገር ሲነሳ ኮሚቴው በሙሉ አቀርቅሮ እስክሪብቶውን ይነካካል።

ዘንድሮ ግን ታናሽ እህቷ መጣች።

ታናሽዮዋ የጎረቤት ከተማ ከንቲባ ሆና ከተመረጠች ገና ዓመት አልሞላትም። የቤት ስሟ ሚጡ ነው፤ ወልዳም ሚጡ፣ ከንቲባ ሆናም ሚጡ። ፊደል ያስቆጠረቻት ታላቋ፣ ጸጉሯን ስትሠራላት የኖረችው ታላቋ፣ ለምርጫው ስትወዳደር ንግግሯን ያረመችላት ታላቋ። እናታቸው ግን ጎረቤት በመጣ ቁጥር የሚያነሱት ሚጡን ነው። «የኔ ከንቲባ» ይላሉ። «የኔ ሥራ አስኪያጅ» ሲሉ የሰማ ሰው የለም። ታላቅዮዋ ይህን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ ችላዋለች፤ ምክንያቱም ኮሚቴው የእሷ ነበር። እዚያ እንኳ ሚጡ አልነበረችም።

ሚጡ ለኮሚቴው ያቀረበችው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። «መንገድ መሥሪያ ቤቱ ለከተማ ጥያቄ በአንድ ወር ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ እንደፈቀደ ይቆጠር።» በቃ። ሥልጣን የለ፣ ጥገና የለ፣ ንዑስ አንቀጽ የለ። ቀጭኑ ሰው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አነበበው፣ ደገመው።

«ይሄስ ምን ይከፋል?» አለ።

ኮሚቴው ሳቀ። እትዬ አንቀጽም አብራ ሳቀች። ሰው በሹመት ይቀናል፣ በቤት ይቀናል፣ በመኪና ይቀናል፤ እሷን ያንገበገባት ዐረፍተ ነገር ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ በወደደችው። ሽንጧን ገትራ ስንት ዓመት የተከራከረችበትን ነገር ይህቺ ልጅ እንደ ቀልድ ፈታችው። ዝም ካሉ ዝምታቸው ፈቃድ ይሁን! እንዴት ይህ ለእኔ አልመጣልኝም እያለች ስታሰላስል፣ ወደ ቤቷ የሚወስዳት አውቶቡስ ፌርማታዋን አልፎ ሄደ።

የጉባኤው ዕለት መጣ። እዚህ ላይ ስለ ማኅበሩ አሠራር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኮሚቴዎች የተስማሙበት ሐሳብ ሁሉ ባንድ ላይ ይጠቀለልና ርእስ ርእሱ ብቻ ይነበባል፤ ተቃውሞ ከሌለ ጥቅሉ ባንድ ጭብጨባ ያልፋል። ይሁን እንጂ ማንም ተወካይ ቢጫ ካርዱን አንስቶ «ይህ ይነጠልልኝ» ማለት ይችላል። የተነጠለው ሐሳብ ለብቻው ክርክር ይከፈትበታል፤ ለማለፍም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠየቅበታል። አዲስ ተወካዮችን «ነገራችሁን ከወደዳችሁት ከጥቅሉ እንዳይወጣ ጸልዩ» እያለች የምትመክረው ራሷ እትዬ አንቀጽ ነበረች።

ሰብሳቢው ያነባል፤ ቆሻሻ አወጋገድ፣ የመንገድ መብራት፣ የገበያ ቦታ። ቀጥሎ፣ «የመንገድ ፈቃድን በሚመለከት፣ ከክብርት ከንቲባዋ የቀረበ» አለና ቀና ብሎ ጨመረ፤ «እንደዚህ ያለ አጭርና ግሩም ሐሳብ በዚህ ማኅበር አይቼ አላውቅም።» አዳራሹ ወደ ሚጡ ዞሮ አጨበጨበ። ሚጡ በሀፍረት አፏን በእጇ ሸፈነች፤ እንደ ልጅነቷ።

እትዬ አንቀጽ ቢጫ ካርዷን አነሳች።

ልታጠፋው አልነበረም። ይህ እውነት ነው፤ ከፈለጋችሁ አትመኑ። አንድ ነገር ብቻ ልትናገር ነበር፤ ነገሩ የማን እንደነበረ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ማይክ ሰጧት።

«ሐሳቡን አልቃወምም» አለች። «ነገር ግን አዲስ እንዳልሆነ ይመዝገብልኝ። እኛ ደጋግመን ያቀረብነው ነው። መነሻው በዋና መንገዶች ላይ ሙሉ ሥልጣን ለከተሞች ይሰጥ የሚል ነበር።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። ቀጭኑ ሰው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሲሰቅል አየችው፤ ያን ጊዜ ገባት፣ ግን ማይኩ ከእጇ ወጥቷል።

«እንግዲህ መነሻው እሱ ከሆነ» አለ ሰውየው፣ «መድረሻውንም እናውቀዋለን። ዛሬ ዜብራ ቀባችሁ ይሉንና ነገ አስፋልቱን ጠግኑ ይሉናል።»

ጥገና! ቃሉ ከወንበር ወንበር ዞረ። አንዱ ተነስቶ ይጠና አለ፣ ሌላው በጀት የለንም አለ። ሚጡ ተነስታ «ሥልጣን አልጠየቅንም እኮ» ብትል ማን ሰምቷት። ድምፅ ተሰጠ። ከግማሽ በላይ ደገፈ፤ ሁለት ሦስተኛ ግን አልሞላም። የቀረው ጥቅል ባንድ ጭብጨባ አለፈ።

ሲመለሱ በሚጡ መኪና ነበር። ሚጡ ትነዳለች፣ ታላቋ ጎኗ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች።

«እታለም።»

«ወዬ።»

«ካርድሽን ስታነሺ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ልትደግፊኝ መስሎኝ። አጠገቤ ላለው ሰውዬ ‹እህቴ ናት› አልኩት።»

«የእኔ እንደነበረ ይታወቅ ብዬ ነው» አለች እትዬ አንቀጽ። ለራሷም የሕፃን ነገር መስሎ ተሰማት።

«ማን አላወቀ? ለተወካዮቹ ለእያንዳንዳቸው ስደውል ‹የእህቴን ሐሳብ አሳጥሬ ነው› እያልኩ አይደል የለመንኳቸው።»

ሚጡ መኪናውን እናታቸው ደጅ አቆመች።

እናትየው በረንዳ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ሲጠብቁ ነበር። «እህ? መንገዱስ?» አሉ ገና ሳይሳሙ።

ሚጡ ቀደመች። «ዘንድሮ አልሆነም እማዬ፣ ለከርሞ። አጻጻፉን እኔ አበላሸሁት። እታለም እንኳ ልታድነው ተነስታ ነበር።»

«አይዞሽ የኔ ከንቲባ» አሉ እናትየው ጉንጯን እየዳሰሱ። «አንቺ ከሞከርሽ ይበቃል።»

ኀፍረት ቅናትን ያባርራል የሚል ካለ ይህቺን ሴት አላያትም። እዚያው በረንዳ ላይ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እንደገና ቀናች። መዋሸቱንም እንዲህ አሳመረችው። እኔ ብሆን እንዲህ እሸፍንላት ነበር? አልሸፍንላትም ነበር። ይህንንም አውቃ ቀናች።

በማግስቱ እናቷን ክሊኒክ ልታደርስ መጣች። ከመንገዱ ዳር ቆሙ። መኪናው ይጎርፋል።

«ሚጡ ብትሆን» አሉ እናትየው፣ «እጇን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች። ይቆሙላታል።»

«እኔም አነሳለሁ እማዬ።»

አነሳች። ቀጥ አድርጋ፣ ልክ ትናንት በአዳራሹ እንዳነሳችው። ትናንት ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ብሎላት ነበር። የጭነት መኪናው ጡሩንባውን ነፍቶ በአጠገባቸው ተምዘገዘገ፤ ነጠላቸው እስኪገለብ ድረስ። እናትየው ክንዷን በሁለት እጃቸው ጨመቁት። ሌላ መጣ፣ ሌላም ተከተለ፤ እሷ እጇን አላወረደችም።

«አውርጂው ልጄ» አሉ እናትየው ቀስ ብለው። «ይደክምሻል። እስኪያልፉ እንጠብቅ።»