ለአባቴ ዓይን የሚበቃ ፊደል

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። እኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ደብረ ታቦር ውስጥ ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ በኮምፒውተር መጻፍ ስጀምር፣ ጣቴን ቀለም ስለማይነካው ለጎረቤት "ልጄ ቁልፍ ነካኪ ሆነች" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

ዓይናቸው ሲደክም ባሕር ዳር ወስጄ ለዓይን ሐኪም አሳየኋቸው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የቀረው ብርሃን ብዙ እንደማይቆይ ነገረኝ። እኔ ይህን ደበቅኳቸው፤ እሳቸው ግን ገብቷቸዋል። ስንመለስ ሐሙሲት ከተማ ላይ ሚኒባሱ ሰው እስኪጭን እጄን ያዙኝ።

"ዳዊቱስ ከቃሌ አለ፤ ፊደሉን ማየት ነው እንጂ የናፈቀኝ።"

በማግስቱ ዳዊቱን መክተብ ጀመርኩ። ሰኞ የሚደገመውን ክፍል ጨርሼ ፊደሉን የአውራ ጣት ያህል አሳደግኩት። ታትሞ ሲወጣ ግን ጠርዙ ሁሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተሰባብሯል። አባቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ ቆዩና የድንጋይ ካብ እንደሚመስል በዘዴ ነገሩኝ። ተናደድኩ። ፕሪንተሩን ረገምኩ፣ የቀለሙን ሪባን ቀየርኩ፤ ያው ነው።

ጥፋቱን ያሳየኝ ኮምፒውተር ሊጠግን የመጣ ባለሙያ ነው። ፕሪንተሩ በደል የለበትም፤ ችግሩ ፎንቱ ነው፣ ማለትም የፊደሎቹ ቅርጽ የተቀመጠበት ፋይል። የእኔው እያንዳንዱን ፊደል በነጥብ የያዘ ስለሆነ፣ ሲያድግ ነጥቦቹ ብቻ ይተልቃሉ። ሌላው ዓይነት ግን የፊደሉን ዙሪያ መስመር፣ የት ተነሥቶ የት እንደሚታጠፍ ይይዛል፤ የፈለጉትን ያህል ቢያሳድጉት አይሰበርም። ባለሙያው በፍሎፒ ዲስክ ይዞት ስለነበር ጫነልኝ።

ለአባቴ ስነግራቸው ሳቁ። ተማሪም ሁለት ዓይነት ነው አሉ፤ አንዱ የመምህሩን ፊደል አይቶ ይገለብጣል፣ ሌላው ብርዑ የሚሄድበትን መንገድ ይማራል። የመጀመሪያውን አተልቀህ ጻፍ ሲሉት እጁ ይጠፋበታል። እኔ ግማሽ ቀን የፈጀብኝን ነገር እንዲህ በአፍታ ቋጩት።

አዲሱ ፎንት የበፊቱን ጽሑፍ ስለማያውቀው ሁሉንም እንደ አዲስ ከተብኩ። የሐኪሙ ቃል ከኋላ እየገፋኝ ቸኮልኩ። ሲታተም ፊደሉ ጥቁር፣ ሙሉ፣ ጠርዙም ያልተሸራረፈ ሆኖ ወጣ።

አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እያስኬዱ መድገም ጀመሩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተጠራጠርኩ። በቃሉ የሚያውቀውን የሚደግም ሰው ማየት አለማየቱ በምን ይታወቃል? እኔን ላለማሳዘን ብለው የሚያነቡ ሊመስሉ ይችላሉ፤ አባቴ ያደርጉታል።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ድምፃቸው ቆመ። ጣታቸው ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። ኮስተር ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እዚህ ላይ አንድ መስመር ዘለሻል።"

እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ በደስታ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ስለ ስሕተቴ ያዘንኩ መስሏቸው፣ እኔም በወጣትነቴ ስንት መስመር ዘልያለሁ እያሉ ያባብሉኝ ጀመር።