ቶማ የዘጋቻት በር

ቶማ በሱዳን፣ በአትባራ ከተማ ክሊኒክ ሠላሳ ዓመት በነርስነት ስታገለግል እጇ ቀላል፣ ምላሷ ግን መራራ ነበር። በጥር፣ ነፋሱ ከሰሜን አሸዋ ይዞ ሲነሳ ደጇ በሚያስል ሰው ይሞላል። ሁሉም መርፌ ይፈልጋል።

«ጉንፋን በመርፌ አይድንም። ውሃ ጠጣ፣ ተኛ፣ ከሰው ራቅ» አለችው አንድ ቀን ባሻሪ የሚባለውን የባቡር ሠራተኛ።

«ሠላሳ ዓመት ሠርተሽ ‘ተኛ’ ነው የምትይኝ? ይህንንማ አህያዬም ያውቃል!»

«አህያህማ ሲታመም ይተኛል። አንተ ነህ ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት እየዞርክ ሰው ላይ የምታስለው!»

ሰው ይስቅና ምክሯን እዚያው ደጃፏ ላይ ጥሎት ይሄዳል። እዚያ አገር የታመመ ሳይጠይቁ፣ የወለደች ሳይጎበኙ መቅረት ትልቅ ነውር ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ራሱ ቶብ የሚሉትን የሴት መጎናጸፊያ ወይም ጥምጥሙን አስተካክሎ ሊጠይቅ ይነሳል። ይህ ነገር ቶማን ዕድሜዋን ሙሉ ሲያናድዳት ኖሯል።

ጡረታ ከወጣች በኋላ የምትኖረው ከመንታ እህቷ ከባቱል ጋር ግድግዳ ተጋርታ ነበር። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ነፋጅ የሚሏት ትንሽ በር አለች። ወጥ ይተላለፍባታል፣ ሳያንኳኩ ይገቡባታል። እህትማማቾቹ በአባታቸው ርስት ተጣልተው ስምንት ወር ሲኮራረፉ እንኳ ተዘግታ አታውቅም። ነፋጅን መዝጋት ዝምድናን መቁረጥ ነውና።

የባቱል ልጅ ኢሕሳን ባገባች በዘጠኝ ዓመቷ ሴት ልጅ ወለደች። ቶማ የራሷ ልጅ የላትም፤ ኢሕሳንን ያሳደገቻት እሷ ናት ማለት ይቻላል። ሕፃኗ በተወለደች በአራተኛው ቀን ቶማ ታመመች። ተራ ጉንፋን አፍንጫ እያሳከከ ቀስ ብሎ ይመጣል። ይሄኛው ግን ጠዋት ደህና የነበረችውን ሴት ከቀትር በኋላ አልጋ ላይ ጣላት፤ ትኩሳት፣ የአጥንት ቁርጥማት፣ ደረት የሚሰነጥቅ ሳል። ኢንፍሉዌንዛ መሆኑን ለማወቅ የማንንም ምርመራ አልጠበቀችም። እየተንገዳገደች ተነሳችና ነፋጇን በብረት ቀረቀረቻት።

«ቶማ! ምን በደልኩሽ?» አለች ባቱል ከወዲያ ማዶ።

«አሞኛል። የአራስ ልጅ ሳንባ ይህን አይችልም። ሳምንት ታገሺኝ።»

«ጉንፋን ያልያዘው ማን አለ? የግራር ፍሬ ታጠኚና ይለቅሻል!»

ሦስት ቀን እንዲህ ተሟገቱ። ሰፈሩም መንሾካሾክ ጀመረ። መካን ስለሆነች ቀንታ ነው አሉ። ቶማ ይህን ሰምታ አለቀሰች፤ በሩን ግን አልከፈተችም።

በሰባተኛው ቀን፣ ስም በሚወጣበት ዕለት፣ በጉ ከታረደ በኋላ ባቱል ተመልሳ መጣች። በሩን በመዳፏ መታች።

«ስሟን ቶማ አልናት። ባንቺ ስም! አሁንም ካልከፈትሽ እህት የለኝም፤ ስሞትም ለቅሶዬ ላይ እንዳትደርሺ።»

ትኩሳቱ ያን ጠዋት ለቶማ በርዶላት ነበር። ሕፃኗን ከሩቅ አይቻት እዘጋለሁ ብላ አፏን በቶቧ ጫፍ ሸፍና ብረቱን ሳበች። ባቱል ግን ከሩቅ የሚባል ነገር አታውቅም። ገና በሩ ሲከፈት ሕፃኗን ክንዷ ላይ አኖረችላት። ልጅቱ ሞቃት ነበረች፣ ቀላል ነበረች፣ ያዛጋት ነበር። ቶማ ልጅቱን ወዲያው መመለስ ነበረባት። አልመለሰችም። አንድ አፍታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አቀፈቻት።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ሕፃኗ ጡት እንቢ አለች። ትንፋሿ ፈጥኖ፣ በየትንፋሹ ከጎድን አጥንቷ ሥር ይጎደጉድ ጀመር። ምን ማለት እንደሆነ ከቤቱ ሁሉ የምታውቀው ቶማ ብቻ ነበረች። ባዶ እግሯን አቅፋት ሐኪም ቤት ሮጠች። ኦክስጅን አደረጉላት። ሁለት ቀን ቆየች።

የለቅሶው ዕለት ግቢው በሚያስል ሰው ተሞላ። የፈጣሪ ውሳኔ ነው ይሉ ነበር፤ ማንም ቶማን አልወቀሰም። ባቱል አጠገቧ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።

«እንኳን ከፈትሽላት፣ እህቴ» አለቻት። «ክንድሽን ሳታውቀው ሄዳ ቢሆን ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ይቆጨኝ ነበር።»

ቶማ አፏን ከፈተች፤ ለሠላሳ ዓመት ለዚያ ሁሉ ሰው የነገረችውን ‘ከሰው ራቅ’ የሚለውን ነገር ለእህቷ መናገር አቃታት።