የወንድሜ ምሳ

ዛሬ እዚሁ አሰላ፣ የልጄ እኩያ የሆነች የሥነ ልቦና አማካሪ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ ለቅሶ አለቀስኩ።

ወደ እሷ የሄድኩት ምሳ ስበላ ጉሮሮዬ እየተዘጋ ስላስቸገረኝ ነው። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙብኝም።

መጀመሪያ ያስተማረችኝ እግሬን መሬት ላይ አሳርፌ ቀስ ብዬ መተንፈስ ነው። (በሃምሳ ስድስት ዓመቴ አተነፋፈስ ተማርኩ በሉ!) ግን ረድቶኛል።

ዛሬ፣ "እትዬ፣ መተንፈሱንስ ችለውበታል። አሁን የሚያንቅዎትን ነገር አብረን እንየው?" አለችኝ።

ነገርኳት። ደርግ ታላቅ ወንድሜን አስሮት፣ እኔና እናቴ በየቀኑ ምሳ እናመላልስለት ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ጠባቂው ምሳውን ሳይከፍት መለሰልን። "ከእንግዲህ አታምጡ" አለ።

እናቴ ወዲያው ገባት። ለተገደለ ሰው ማልቀስ ክልክል ስለነበር፣ "ሰው እንዳያይሽ፣ እንባሽን ዋጪው" እያለች ቤት አደረሰችኝ። ከዚያ የእሱን ምሳ ለእኔ አቀረበችልኝ።

እዚህ ላይ ትንፋሼ ቆመ።

"እግርዎ መሬት ላይ ነው፤ ቀስ ብለው ይተንፍሱ" አለችኝ። ተነፈስኩ። "ከዚያስ?"

"ጨጨብሳ ነበር። ቤታችን ቅቤ የሚወጣው ለእሱ ብቻ ነበር። እና... ጣፈጠኝ። እናቴን ጨምሪልኝ አልኳት።"

ይህችን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

እናንተ ቤትስ ያልተለቀሰለት ሰው አለ? ስሙን እዚህ ጻፉልኝ።

የእኔ ታዬ ይባላል።