ሚስማር የቀጠቀጥኩበት ቅዳሜ

የታሪክና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን አንድ ላይ አስቀምጬ የድሮ አሜሪካውያን ብረት ቀጥቃጮችን ሥራ እንዳስተምር የምሠራበት ኮሌጅ ባለፈው ሳምንት ፈቀደልኝ። ባልደረቦቼ «እንኳን ደስ አለህ» ሲሉኝ ፈገግ አልኩ እንጂ ከደስታዬ ንዴቴ በለጠ። ይህንኑ ትምህርት በወጣትነቴ ላስጀምረው ጫፍ ደርሼ ነበርና።

ያኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ሁለቱ የትምህርት ክፍሎች አብረው እንዲሰጡት ሐሳብ አቀረብኩ። የታሪክ መምህሬ ሐሳቡን ወደዱት፤ የኢንጂነሪንጉ ግን «ወረቀት ይቅርብኝ፤ ሠርተህ አሳየኝ» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ወዳለው ቤታችን መጡ። የቬጋስ ሐምሌ ያለ እሳትም ሰው ይጠብሳል። እኔ ደግሞ ጓሯችን ውስጥ ከሰል አንድጄ፣ ወናፍ ስለሌለኝ በእናቴ ፀጉር ማድረቂያ አራግበዋለሁ። ብረቱ ቀላ፤ የመጀመሪያውን ሚስማር ቀጥቅጬ አሾልኩት። የኢንጂነሪንጉ መምህር ጠጋ ብለው «እስኪ ድገመው» አሉኝ።

ልደግመው መዶሻ ሳነሳ አባቴ ከታክሲ ሺፍቱ ገባ፤ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቹም አብረውት ነበሩ። ሲያየኝ ፊቱ ጠቆረ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አባዬ፣ ለትምህርት ነው። ፕሮፌሰሮቼ ቼክ ሊያደርጉ...»

«ኦቨርታይም ስሠራ የኖርኩት ለዚህ ነው? ቀጥቃጭ አሳደገ ልታስብለኝ?»

የአትክልት ማጠጫውን ጎማ አንስቶ እሳቱ ላይ ውሃ ለቀቀበት። መምህራኑ አማርኛው ባይገባቸውም ጠቡ ገብቷቸው ወጥተው ሄዱ። የኢንጂነሪንጉ መምህር ዳግመኛ ቀጠሮ አልሰጡኝም፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ።

በአባቴ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ይባላል፤ ልጁን የሚድርለት የለም። አባቴ ግን የገበሬ ልጅ ነው፤ ያደገው ቀጥቃጭ በሠራው ማረሻ በታረሰ ጤፍ ነው። ይህን ብነግረው «እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» ብሎ ዘጋኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዛሬ አባቴ ሸምግሏል። ትምህርቱ መፈቀዱን ስነግረው መረቀኝ፤ በመጨረሻ ገባው ብዬ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ የተበላሸ ላፕቶፕ ይዘው ጠበቁኝ።

«ኮምፒውተር እንደምታስተምር አባትህ ነገረን። እስኪ እየው ልጄ» አሉኝ።

አባቴ አጠገባቸው ቆሞ እንዳላሳፍረው በዓይኑ ይለምነኛል። ሁለት የትምህርት ክፍሎችን ለማስማማት ዕድሜዬን ፈጀሁ፤ አባቴን ግን ከሙያዬ ጋር ሳላስታርቀው ሞት ሊቀድመኝ ነው። የሚያቃጥለኝን ነገር ዋጥ አድርጌ፣ «አየዋለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸውና ላፕቶፑን ተቀበልኩ።